መውጫ የሌለው ውሃ

አሞራ ገደል፣ ንጋት። አባ ኮዳ ቆሟል፣
እንደ ጡረተኛ ዳኛ አንገቱን ቀብሯል።
ጋሽ ዳንጊሶ ዓሣውን ከመረብ ያላቅቃል፣
ቆሮሶውን ወዲህ፣ አምባዛውን ወዲያ ይጥላል።
ቀና ሳይል ጠየቀኝ፦ «እህስ፣ መጣሽ ወይ?
ያ ደሴት የሚሉት እውነትም አለ ወይ?»

«አለ» አልኩት፣ «አለ፤
ዙሪያው ጨው፣ ዳር ዳሩ ዘንባባ የበቀለ፣
ሆሣዕና ገብቶ መውጣቱን የረሳ የመሰለ።
ሙቀቱ እንደ እርጥብ ፎጣ ፊት ላይ ይለጠፋል፣
ከየአገሩ የመጣው አንገቱ ላይ ካርድ አንጠልጥሎ ያልፋል።
እኔም አንጠለጠልኩ፣
ስሜን በሁለት ስህተት፣ ሐዋሳን በሦስት ጽፈው።»

ስለ ራት ግብዣው፣ ስለ ንግግሩ ዝም አልኩ።
አሸዋ ላይ ስለተነጠፈው ቀይ ምንጣፍ ግን አወራሁ፦
ነፋስ ጥግ ጥጉን እያነሣ ሲያጥፈው፣
አራት ልጆች ድንጋይ ታቅፈው
ከእንግዶቹ ፊት ፊት ሲሮጡ።
ሳቀ። ሁለት ጥርስ ቀርቶታል፣ ሁለቱም ታዩ።

«አንተን ያሳዩህ ማታ ነው፤ በሁለት ዘንባባ መሃል
ነጭ ሸራ ወጥረው፤ ባሕሩ ከኋላ ይጮሃል።
አሥራ አራት ደቂቃ ነህ፤ ሦስት ዓመት የቀረጽኩህ፣
በተውሶ ካሜራ፣ እዚሁ ጭቃ ውስጥ እየተከተልኩህ።
ነፋሱ ሸራውን ሲነፋው ጉንጭህ አብሮ ተነፋ፣
ሐይቃችን ታጠፈ፣ ታቦር ተንጋደደ፣ ጠፋ፣
ተመለሰ።

‹ይህ ሐይቅ ባለ ዕዳዬ ነው› ብለህ የምትቀልድበት ጋ
ማንም አልሳቀም።
ከታች የተጻፈው ትርጉም
ቀልድህን የባንክ ማስጠንቀቂያ አድርጎታል።

ግን ያ ቦታ፣ ደቡብ አፍሪካ ብሎ የወጣው የማቲዎስ መረብ፣
ቁጭ ብለህ የምትጠግነው፣ አንድ ቃል የማትናገርበት፣
ለመተርጎም እንኳ የሚያዝ ነገር የሌለበት፣
እዚያ ጋ፣ ከገመዱ ወዲያ፣ ወንበር ካላገኙት መካከል
አንድ ሽማግሌ ተነሣ፤ ያገለደመው ሽርጥ ብቻ፣
እጁን ወደ ሸራው ዘርግቶ በቋንቋው ተናገረ።
‹እሽሽ› አሉት።
ተቀመጠ።»

«ምን ነበር ያለው?»

«እኔም ይኸው ነው የከነከነኝ።
ሸራው ሲጠፋ ሰው መሃል ሮጬ ፈለግሁት፣
መጠጥ የሚያዞር ልጅ አስተርጓሚ አድርጌ ጠየቅሁት።
‹ሰውዬው ግራኝ ነው› አለ፤ ‹ቋጠሮው ወደ ግራ ይዞራል።
ወንድሜ እንዲህ ነበር የሚቋጥረው።
ስለ ወንድሙም ሌላ ምንም አልጨመረ።»

ጋሽ ዳንጊሶ እጁ ቆመ።
ግራ መዳፉን ገልብጦ አየው፣
አሁን ገና ገበያ ላይ እንደገዛው።
እኔ ደግሞ አፈርኩ።
ሦስት ዓመት ሙሉ ያን እጅ በቅርብ፣ በሩቅ፣
በፀሐይ፣ በፋኖስ ስቀርጽ፣
ግራኝ መሆኑን አላየሁም ነበር።

ከቦርሳዬ አወጣሁለት፣ ሽማግሌው የላከለትን፦
ክንድ የማይሞላ ገመድ፣
ጫፉ ወደ ቀኝ የተቋጠረ፣
ጨው ያደረቀው፣ የቆረቆረ።
አሸተተው። በምላሱ ጫፍ ነካው።
«ጨው ነው» አለ፣
እስካሁን ስዋሸው እንደቆየሁ ሁሉ።

ተሸለምሽ ወይ አላለኝም።
«ያ ባሕር መውጫ አለው?» አለኝ።
አላውቅም አልኩት።
«የኛ የለውም፤ ጥቁር ውሃ ይገባል፣
የሚወጣ ግን የለም፤ ፀሐይ ሽቅብ ካልሳበው።»
ወደ ውሃው አየ። ጉም ከላዩ እየተነሣ ነው።
«ማቲዎስ እዚያ መሃል አልነበረም?
ማለቴ... ከተቀመጡት?»

አልነበረም አልኩት።
«እሱም ቀኝ ነው» አለ፣ መልስ እንደሆነ ሁሉ።

ቋጠሮውን በጥርሱ ፈታ፤ ወደ ግራ አዙሮት
መልሶ ቋጠረው፤ ጀልባዋን ከሾላው ሥር አሰረበት።
አባ ኮዳ ብድግ አለ፣ የዓሣ አንጀት ተወርውሮለት።